አንድ ዶሮ ለአራት ቀን፦ የገበያ ምልልስን ቀንሶ አነስተኛ ቤተሰብን መመገብ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ታክሲዎችና አውቶቡሶችም ከመጫን ዐቅማቸው ግማሹን ብቻ እንዲይዙ ተደረገ። የእርምጃዎቹ ሁሉ ዓላማ አንድ ነበር፤ ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ የሚቆምበትን አጋጣሚ መቀነስ። ይሁን እንጂ በዐዋጅ ሊቀር የማይችል አንድ አጋጣሚ አለ። ቤተሰብ መብላት አለበት፤ ለመብላትም ከቤት አንድ ሰው ገበያ መውጣቱ ግድ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የቀረበው ጥያቄ ገበያ መውጣትን እንዴት ማስቀረት ይቻላል የሚል ሳይሆን፣ በሳምንት አራትና አምስት ጊዜ የነበረውን ምልልስ እንዴት ወደ አንድ ዝቅ ማድረግ ይቻላል የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው በወጥ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ በአንድ ዶሮ ምሳሌነት ያንን መልስ ያሳያል። በበዓል ቀን በአንድ ማዕድ የሚያልቅ ዶሮ፣ በዕቅድ ከተያዘ አራት ሰዎች ላሉት ቤት አራት ዋና ዋና ማዕዶችን ሊሸፍን ይችላል።

ጥንቃቄው ከየት ይጀምራል?

ኮቪድ-19 በዋናነት የሚተላለፈው በበሽታው የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርና ሲተነፍስ ከአፍና ከአፍንጫው በሚወጡ ጠብታዎችና ቅንጣቶች ነው። የበሰለ ምግብ በመመገብ በሽታው እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በመሆኑም አንድ ሰው ዶሮ ሊገዛ ሲወጣ የሚያሰጋው ዶሮው ሳይሆን በዶሮው ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ፊት ለፊት መቆም፣ በጉሊት መካከል መተሻሸት፣ በታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ መቀመጥ።

ይህ ስጋት እንደ ልደታ ክፍለ ከተማ ባሉ አካባቢዎች ከፍ ያለ ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ከመርካቶ የማይርቀው አብነት፣ በሌላ በኩል የብዙ መንገዶች መገናኛ የሆነው ሜክሲኮ አደባባይ ይገኛሉ። በነባር መንደሮች ብዙ አባወራዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ተጋርተው ይኖራሉ። በልደታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ደረጃውና ኮሪደሩ የሁሉም ነው። አንድ ሰው ከገበያ ይዞት የሚመለስ በሽታ በራሱ ቤት በር ላይ አይቆምም። የአንድ ቤት ምልልስ መቀነስ ለግቢው ሁሉ የሚተርፈው ስለዚህ ነው።

ገበያ የሚወጣው ሰው ከቤተሰቡ መካከል ዕድሜው ያልገፋና ሥር የሰደደ ሕመም የሌለበት አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የሚገዛው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ይሰፍራል። መውጫው ሰው የማይበዛበት የማለዳ ሰዓት ይሆናል፤ ጭምብል ከቤት ሲወጣ ተደርጎ እስኪመለስ አይወልቅም። ሲመለስም ዕቃውን አስቀምጦ በመጀመሪያ እጁን በውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠባል።

የአንድ ዶሮ ልክ

ዕቅድ የሚጀምረው ያለውን መጠን በትክክል ከማወቅ ነው። ታርዶ፣ ተበልቶና ቆዳው ተገፎ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ዶሮ፣ ከበሰለና አጥንቱ ከወጣለት በኋላ የሚተርፈው ሥጋ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ይህ ለአራት ሰዎች፣ በአራት ማዕድ ሲካፈል ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ 30 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ መጠን ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን 8 ግራም ያህል ነው፤ አንድ እንቁላል ከሚሰጠው 6 ግራም ጥቂት ይበልጣል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ዶሮው ለአራት ማዕድ ሲከፈል ብቻውን አይበቃም፤ በእንቁላል፣ በሽሮ፣ በድንችና በአትክልት መታገዝ ይኖርበታል። ዶሮን ማብቃቃት ማለት ውሃ ማብዛት ማለት አይደለም። ሁለተኛው፣ ከሥጋው ሌላ ዶሮው የሚሰጠው ነገር አለ፤ እርሱም መረቅ ነው። ጀርባው፣ አንገቱና ክንፉ ቀስ ብለው ሲፈሉ ጣዕማቸውንና ስባቸውን ለውሃው ይሰጣሉ። ብዙ ቤቶች ይህን ሳይጠቀሙበት አጥንቱን ይጥላሉ። አራተኛው ቀን የሚገኘው ግን ከዚያው ከሚጣለው ነው።

የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ መብሰል ይፈልጋል፤ በአንጻሩ መረቁ ጣዕም ያለው ነው። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፤ ሥጋውም በዛ ይላል። ሁለቱም ለዚህ ዕቅድ ይሆናሉ፤ የሚለያየው የማብሰያው ጊዜ ብቻ ነው።

ከእርድ እስከ መክተፊያ

ዶሮው በቤት ውስጥ የሚታረድ ከሆነ እርዱ ከወጥ ቤቱ ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይከናወናል። ላባው በፈላ ውሃ ተነክሮ ከተነጨ በኋላ ገላው በእሳት ይለበለባል። የሆድ ዕቃው ሲወጣ ሐሞቱ እንዳይፈስ ይጠነቀቋል፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመረዋል። ላባውና የሆድ ዕቃው በፌስታል ታስሮ ይወገዳል እንጂ በግቢው ውስጥ ወይም በቦይ ዳር አይጣልም።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። በጥሬ ዶሮ ላይ ለሆድ ሕመም የሚዳርጉ ተሕዋስያን ስለሚገኙ፣ አጥብቆ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እጥበቱ ላይ ነው። በኃይል ከሚፈስ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ውሃው ተፈናጥቆ በአካባቢው ያለውን ዕቃና ምግብ ይበክላል። ስለዚህ ዶሮው ለዚሁ ተብሎ በተለየ ሳፋ ውስጥ፣ በተቀዳ ውሃ፣ ሳይረጭ በዝግታ ይታጠባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ አሠራር ውሃም ይቆጥባል። ሥጋን በሳሙና ወይም በበረኪና ማጠብ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቫይረሱን ለማጥፋት በሚል ሰበብ ቤተሰብን ይመርዛል። በሥጋው ላይ ያለውን ተሕዋስ የሚገድለው በሚገባ መብሰል ነው።

ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋ፣ መክተፊያና ሳፋ ለሰላጣም ሆነ ለሌላ ሳይበስል ለሚበላ ነገር ከመዋላቸው በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። ሁለት መክተፊያ የሌለው ቤት በመጀመሪያ አትክልቱን፣ በመጨረሻ ዶሮውን ይከትፋል።

አሥራ ሁለቱን ብልት መክፈል

በአገራችን ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት መገነጣጠሉ ወግ ነው። የብልቶቹ ስምና አቆጣጠር ከአካባቢ አካባቢ ጥቂት ቢለያይም አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ግን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ ወግ ለዕቅድ የተመቸ ነው። በበዓል ቀን አሥራ ሁለቱም ወደ አንድ ድስት ይገባሉ፤ በዚህ ዕቅድ ግን በሦስት ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ምድብ የመረቅ ነው፤ ሁለቱን ክንፍ፣ ከሁለት የተከፈለውን ጀርባና አንገቱን፣ በድምሩ አምስት ብልቶችን ይይዛል። ሁለተኛው ምድብ የወጥ ሲሆን፣ ሁለቱን እግርና ሁለቱን ታፋ፣ በድምሩ አራት ብልቶችን ይይዛል፤ ለአራት ሰው አንዳንድ ይደርሳል ማለት ነው። ሦስተኛው ምድብ የአልጫ ነው፤ ከሦስት የተከፈለው ደረት ከአጥንቱ ተላቆ በአውራ ጣት ልክ ይቆረጣል፤ አጥንቱም ወደ መጀመሪያው ምድብ ይጨመራል። ጉበቱና ልቡ ቶሎ የሚበላሹ በመሆናቸው በዕለቱ ይበስላሉ።

እያንዳንዱ ምድብ ክዳን ባለው የተለየ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጥሬ ሥጋ በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሆናል፤ ከላይ ከተቀመጠ ፈሳሹ በበሰለው ምግብ ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል።

የአራቱ ቀን ማዕድ

ለዚህ ዕቅድ ምሳሌ የሚሆነው አባት፣ እናት፣ የስድስት ዓመት ልጅና የስኳር ሕመም ያለባቸው አያት የሚኖሩበት ቤት ነው። ዶሮው ቅዳሜ ጠዋት ይገዛል። ቀኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የበሰለ ምግብ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሦስት ቀን በላይ ባይቆይ ይመከራል፤ ከቅዳሜ የሚቆጠረው ሦስት ቀን ደግሞ በማክሰኞ ያበቃል። ረቡዕን ለሚጾሙ ቤተሰቦች የዶሮው ማብቂያና የጾሙ መግቢያ ይገጣጠማሉ፤ የሚተርፍና የሚበላሽ ነገር አይኖርም። የማይጾሙ ቤተሰቦች ከየትኛውም ቀን መጀመር ይችላሉ፤ ጠብቀው መያዝ ያለባቸው የቀኑን ስም ሳይሆን የቀኑን ቁጥር ነው።

ቅዳሜ፦ የመረቁ ምድብ በ4 ሊትር ውሃ፣ ከአንድ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከጥቂት ዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይጣዳል። አንዴ ከፈላ በኋላ አረፋው ተገፎ፣ እሳቱ ተቀንሶ ለሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ይንተከተካል። ሲጠልል 3 ሊትር ገደማ መረቅ ይገኛል። ከክንፉ፣ ከጀርባውና ከአንገቱ ላይ ሥጋው በንጹሕ እጅ ወይም በሹካ ይለቀማል። ከመረቁ አንድ ሊትር ተኩል ያህሉ፣ ከተለቀመው ሥጋ ግማሹ፣ ሁለት ካሮት፣ ሁለት ድንች፣ ጥቂት ጥቅል ጎመንና አንድ እፍኝ የገብስ ቅንጬ ተጨምሮ ለእራት ሾርባ ይሆናል። ጉበቱና ልቡም በሚገባ በስለው በዚሁ እራት ላይ ይቀርባሉ።

የተረፈው መረቅና ሥጋ በትልቅ ድስት እንደ ሞላ አይቀመጥም፤ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። በሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ተከፍሎ፣ ዕቃዎቹ ቀዝቃዛ ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ ተነክረው ከቀዘቀዙ በኋላ፣ ከእሳት በወረደ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይገባሉ።

እሑድ፦ የወጡ ቀን ነው። ለበዓል ዶሮ እስከ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የሚከተፍበት ቤት ለእነዚህ አራት ብልቶች አንድ ኪሎ ይበቃዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላል፤ ሲጠወልግና መልኩ ሲለወጥ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ቀጥሎም በርበሬው ይገባል። ማቅጠኛው ተራ ውሃ ሳይሆን ከቅዳሜው የተረፈ ግማሽ ሊትር መረቅ ነው፤ በአራት ብልት የተሠራው ወጥ የአሥራ ሁለት ብልት ጣዕም የሚያገኘው በዚህ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ብልቶቹ ገብተው እስኪበስሉ ይጠበቃል፤ በመጨረሻም መከለሻውና አራት የተቀቀሉ እንቁላሎች ይጨመራሉ። ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይደርሳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት ጨው ይቀነሳል። ሳይነካ በድስቱ ውስጥ የተረፈው የወጡ መረቅ ይቀመጥና ሰኞ ጠዋት በሚገባ ፈልቶ፣ በእንጀራ ወይም በድርቆሽ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል።

ሰኞ፦ ደረቱ ለምሳ አልጫ ይሠራል። ሦስት ራስ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ከተቁላሉ በኋላ የተቆረጠው ደረት፣ ግማሽ ኪሎ ድንችና ሁለት ካሮት ይገባሉ፤ መጨረሻ ላይ ቃሪያ ይሰነጠቅበታል። አልጫው በርበሬ ስለሌለበት ለሕፃኑም ለአያትም ይስማማል። ጥሬ ዶሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ መቆየት እንደሌለበት መዘንጋት አይገባም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደረቱን እሑድ ከወጡ ጋር አብስሎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ማክሰኞ፦ የቀረው አንድ ሊትር መረቅ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ለምሳ ሽሮ ይሠራበታል። 150 ግራም ገደማ ሽሮ ለአራት ሰው ይበቃል፤ ከሽሮው ብቻ ለእያንዳንዱ ሰው 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። ከቅዳሜ የተቀመጠው የተለቀመ ሥጋ በላዩ ተጨምሮ አብሮ ይፈላል። በመረቅ የተሠራ ሽሮ የፍስክ ምግብ በመሆኑ፣ ረቡዕን ለሚጾሙ እንዳይደባለቅ ድስቱ ተለይቶ በዕለቱ ያልቃል። ማክሰኞ ማታ ከዶሮው የሚቀር ነገር የለም።

የተቀመጠ ምግብ ሲሞቅ ለብ ማለቱ አይበቃም፤ መላው ምግብ እየተማሰለ መንተክተክ አለበት። የሚሞቀውም በዚያ ማዕድ የሚበላው ያህል ብቻ ነው፤ እየሞቀ እየተመለሰ የሚቀመጥ ምግብ ለጤና አስጊ ነው። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው በር ሳይከፈት ከቆየ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከዚያ በላይ ከቆየና ምግቡ ቅዝቃዜውን ካጣ፣ ሽታው ባይለወጥም መጣል ይኖርበታል። በወረርሽኝ ጊዜ በምግብ መመረዝ ምክንያት ሐኪም ቤት መሄድ በራሱ ሌላ ተጋላጭነት ነው።

ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት

ከላይ የተገለጸው ዕቅድ ማቀዝቀዣን የሚጠይቅ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ይህንኑ ዕቅድ ያለ ማቀዝቀዣ ልሞክር ቢል ቤተሰቡን ለአደጋ ያጋልጣል። ወጥን ጠዋትና ማታ እያንተከተኩ ማቆየት የተለመደ ቢሆንም አስተማማኝ አይደለም፤ አንዳንድ ተሕዋስያን በምግቡ ውስጥ የሚተዉት መርዝ ተመልሶ በመፍላት አይጠፋም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የሚበጀው ዶሮውን በቀን ሳይሆን በሰው መክፈል ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ቤቶች በጋራ አንድ ዶሮ ይገዛሉ፤ ገበያ የሚወጣው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ስድስት ስድስት ብልት ይደርሳል። ሁለቱም ቤቶች በዕለቱ ያበስላሉ፤ ከስድስቱ አራቱ ለምሳ ወጥ፣ የተቀሩት ሁለቱ ከአጥንቱ ጋር ለእራት ሾርባ ይሆናሉ። የሾርባው ድስት ከቀን ጀምሮ በዝግተኛ እሳት ላይ እየተንተከተከ እስከ እራት ይቆያል፤ ከእሳት ወርዶ ቀዝቅዞ አይጠብቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ የሚወጣው የሌላኛው ቤት ተረኛ ይሆናል። በዚህ መንገድ ሁለት ቤቶች የነበራቸው ምልልስ በግማሽ ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ መተጋገዙ የሚጠቅመው ለኪስ ብቻ አይደለም። ክፍፍሉ በውጭ፣ በጭምብልና በርቀት ይደረጋል እንጂ በአንድ ክፍል ተሰባስቦ አይከናወንም።

በሌሎቹ ቀናት እንቁላል የዶሮውን ቦታ ሊተካ ይችላል። ያልተሰነጠቀ እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ ያለ ማቀዝቀዣ ለቀናት ይቆያል፤ ሽሮ፣ ምስርና ክክም እንዲሁ።

በከሰል የሚያበስሉ ቤቶች አንድ ነገር አጥብቀው እንዲጠነቀቁ ያስፈልጋል። ለረጅም ሰዓት የሚንተከተክ ድስት ማለት ለረጅም ሰዓት የሚነድ ከሰል ማለት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ምድጃው በውጭ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ቦታ ይሆናል፤ ከማብሰያ ወደ መኝታ ክፍል ለሙቀት ብሎ ማስገባት የብዙዎችን ሕይወት የቀጠፈ ስሕተት ነው።

ለማን ምን ይድረስ?

የዶሮ ብልት አከፋፈል የራሱ ክብር ያለው ባህል ነው። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለእንግዳው ሲቀርብ፣ እናት በአብዛኛው የምትረካው በተረፈው ነው። ዶሮው ለአንድ ቀን በሚበቃበት ጊዜ ይህ ጉዳት የለውም ሊባል ይችል ይሆናል። ምግብ በሚለካበት ጊዜ ግን ሁልጊዜ የተረፈውን የሚበላ ሰው በመጨረሻ ይዳከማል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጆች፣ አረጋውያንና ከሕመም በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ሥጋው በደቃቁ ተከትፎ፣ በርበሬ ሳይነካው ከድንች ወይም ከገንፎ ጋር ይሰጣል። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሥጋው፣ እንቁላሉና አትክልቱ በዛ ብለው ድንቹና እንጀራው ይመጠናሉ።

ማዕዱም እንደ ወትሮው አይሆንም። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥ የቤተሰብ ፍቅር መግለጫ ነው፤ ጉርሻም እንዲሁ። ይሁንና አንዱ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ለሥራ የሚወጣ ከሆነ፣ ሳያውቅ የያዘውን በሽታ ለአያት የሚያቀብለው ከሁሉ በፊት በዚሁ በተወደደው ልማድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ መቅረብ አለበት። በየሳህኑ ማቅረብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማን ምን ያህል እንደ ደረሰው በግልጽ ያሳያል፤ በድስቱ የቀረው ምግብም እጅ ሳይነካው ለነገ ይተርፋል። ከሳህን የተረፈ ግን ወደ ድስቱ አይመለስም።

በቤት ውስጥ ተለይቶ የተቀመጠ ታማሚ ካለ፣ ምግቡ በራሱ ሳህን፣ በራሱ ኩባያና ማንኪያ በክፍሉ በር ላይ ይቀመጥለታል። የሚያቀርበው ሰው ጭምብል ያደርጋል፤ ዕቃውን ከመለሰ በኋላም በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥባል፤ እጁንም እንዲሁ። ትኩስ የዶሮ ሾርባ የምግብ ፍላጎት ለቀነሰበት ሰው ፈሳሽና ጉልበት ይሰጣል፤ ከኮቪድ-19 ግን አያድንም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም መድኃኒት ሳይሆኑ ምግብ ናቸው። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው በሾርባ ተስፋ አድርጎ መቆየት የለበትም፤ በነፃ የስልክ መስመሮች በ8335 ወይም በ952 መደወል ይኖርበታል።

የ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ግንቦት 16 ቀን የተከበሩት ወረርሽኙ ባለበት ነው። በሁለቱም በዓላት ብዙ ቤተሰቦች ያለ እንግዳ፣ በየቤታቸው ማዕድ ቀርበዋል። ዶሮን ለአራት ቀን ማብቃቃትም ከዚያ የተለየ ነገር አይጠይቅም፤ የለመዱትን ለጊዜው ገታ ማድረግን ብቻ ነው። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ ገበያ ያልወጣ ቤት ሦስት ቀን ከሕዝብ ግፊያ ርቋል። በዚያ ቤት የሚኖሩት አያትም ሦስቱን ቀን ያለዚያ ስጋት አሳልፈዋል።